ስለ ልጆች ትምህርት፤ የፊዚክስ ነጥብ የሒሳብን ደጅ ይዘጋልን?

ዛሬ በዚህ ገጽ የምንመረምረው ነገር በአዊ ዞን በጫግኒ ከተማ ከሚኖሩ አንድ አባት የደረሰን ጥያቄ ነው። ልጃቸው በዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ስትማር ቈይታ አሁን የመጨረሻ ዓመቷን ይዛለች፤ ዐሳቧም በዚያው በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ነው። ነገር ግን በፊዚክስ ያገኘችው ውጤት «ሲ» ስለ ሆነ፥ ከእንግዲህ የሚቀበለኝ የለም ብላ አዝናለች። አባቷም ዕድሜዋን በከንቱ ተስፋ ከምታሳልፍ ሥራ ትያዝ ወደ ማለት አዘንብለዋል። እንግዲህ የአንዲት ልጅ የወደፊት ኑሮ በአንድ ፊደል ሊወሰን ነውና፥ ነገሩን ቀስ ብሎ መመርመር ይገባል።

አስቀድመን ጥፋቱን በሒሳብ እንመዝነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ልማድ «ኤ» 4፥ «ቢ» 3፥ «ሲ» 2 ነጥብ ሆኖ ይቈጠራል፤ ይህም በትምህርቱ ክሬዲት እየተባዛ ይደመርና ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። ባለ 4 ክሬዲት በሆነ የፊዚክስ ትምህርት በ«ኤ» ፈንታ «ሲ» ያገኘች ተማሪ የምታጣው 8 ነጥብ ነው። ጠቅላላው ክሬዲት 140 ነው ብንል፥ 8 ለ140 ሲካፈል ከአማካይ ውጤቷ የሚጐድለው 0.06 ያህል ነው። 3.50 ሊሆን የነበረው 3.44 ሆነ ማለት ነው፤ ይህም ጭረት እንጂ ስብራት አይደለም።

ይሁን እንጂ አማካይ ውጤት ሁሉን አይናገርም። ስለ ቅበላ የሚወስኑት የሒሳብ መምህራን በሆኑበት ስፍራ፥ የውጤቱን ወረቀት መስመር በመስመር ያነቡታል። አስቀድሞ ዐይናቸው የሚያርፈው በአናሊሲስና በአልጀብራ ላይ ነው፤ የሁለተኛው ዲግሪ ትምህርት የሚሠራው በእነዚህ መሠረት ላይ ነውና። በአናሊሲስ የተገኘ «ሲ» በቍጥር ከፊዚክሱ ጋራ እኩል ቢሆንም በትርጓሜ ግን እኩል አይደለም። ፊዚክስ፥ ስታቲስቲክስና ኮምፒዩተር እንደ ጎረቤት ምስክር ናቸው፤ መልካም ቢሆኑ ይረዳሉ፥ አንድ ጊዜ ቢያነክሱ ይታለፋሉ። ነገር ግን ተማሪዋ የምትመርጠው ለፊዚክስ የሚያገለግለውን የሒሳብ ክፍል እንደ ሆነ፥ የምስክርነታቸው ክብደት ይጨምራል፤ ድክመቱም ከዓመት ወደ ዓመት ከተደጋገመ ልማድ ነው ተብሎ ይፈረድበታል።

ሌላውን ትምህርት ፈጽሞ መናቅም ጕዳት እንዳለው የህንዱ ራማኑጃን ታሪክ ያስረዳናል። ይህ ሰው በሒሳብ ወደር ያልነበረው ሲሆን፥ የቀረውን ትምህርት ስለ ተወ በፈተና ወድቆ በኩምባኮናም ኮሌጅ የተሰጠውን የትምህርት ድጎማ አጣ። በኋላ ሥራው ራሱ መሰከረለትና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1914 ወደ ካምብሪጅ ተሻገረ፤ ነገር ግን በመካከሉ ያለፉት ዓመታት የችግር ዓመታት ነበሩ። በሌላ ወገን አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዊተን የመጀመሪያ ዲግሪውን በታሪክ፥ የዶክተርነት ማዕርጉን በፊዚክስ ያገኘ ሲሆን፥ በ1990 የሒሳብ ታላቅ ክብር የሆነውን የፊልድስ ሜዳልያ ተሸልሟል። ከዚህም የጎረቤት ትምህርት ለሒሳብ ዘመድ እንጂ ባዕድ አለመሆኑን እንረዳለን።

በአገራችን ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ስለ ተሠራ፥ ተማሪዋ ባለፈው ነጥብ ከማልቀስ ለሚመጣው ፈተና መዘጋጀት ይበጃታል። ከዚህም ሌላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 በደቡብ አፍሪቃ የተመሠረተው የአፍሪቃ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም፥ በ1964 በጣልያን አገር በትሪየስቴ የተከፈተው የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማእከልም የሒሳብ ተማሪዎችን ከአፍሪቃ የሚቀበሉ ደጆች ናቸው። በእነዚህ ስፍራዎች የመምህር የምስክር ደብዳቤ ብዙ ይመዝናል። ስለዚህ በቅርብ የሚያውቃትንና በሒሳብ ያስተማራትን መምህር ካሁኑ ትጠይቅ።

እንግዲህ የጫግኒው ወዳጃችን ሆይ፤ ማታ ከራት በኋላ ልጅዎን ጠርተው የውጤቷን ወረቀት አብረው ያንብቡ። የሒሳቡን መስመሮች ለብቻ ያስምሩባቸው። በእነዚያ የበረታች ከሆነች፥ ስለ ፊዚክሱ በቍጣ ሳይሆን በርጋታ ይጠይቋት፤ ሕመም፥ የቤት ሐሳብ ወይም ስንፍና መሆኑን እርስዋ ታውቃለችና። ሕመም እንደ ሆነ በማመልከቻዋ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር መግለጽ ይበቃል፤ ስንፍና እንደ ሆነ በቀረው ዓመት በሥራ ትካሰው። በአናሊሲስና በአልጀብራ ደክማ እንደ ሆነ ግን፥ እውነቱን ሳይሸሽጉ አስቀድማ መሠረቷን እንድታጠና ይምከሯት።

የጓንጓ አራሽ በማሳው ጥግ ዐረም ቢያይ ያርመዋል እንጂ እርሻውን ጥሎ አይሄድም። ልጅዎም ዐረሟን ታርም፤ እርስዎም በአንድ ፊደል ምክንያት ከእርሻዋ አያስወጧት።