«በቅርብ ቀን» ቀን አይደለም

«ቲቸር፣ ጂቲኤ 6 ደግሞ ተራዘመ!» እያላችሁ ኢንቦክሴን ላጥለቀለቃችሁት የድሮ ተማሪዎቼ፦ ሐዘናችሁ ገብቶኛል። ግን መጀመሪያ ምን ተባልን?

ኅዳር 2016 የወጣው ማስታወቂያ መጨረሻው ላይ የነበረው አንድ ቁጥር ነው፦ 2025። ወር የለ፣ ቀን የለ። እናንተ «ዓመቱ ሲገባ ይደርሳል» ብላችሁ አነበባችሁት፤ ዲሴምበር 31 ማታም እኮ 2025 ነው። (በእኛማ ከሆነ 2025 ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል፤ ሮክስታር በሐበሻ አቆጣጠር ጽፎት ከሆነ ቀድሞ ሊጨርስ ነው።) ቀጥሎ «ፎል 2025» አሉ። ከዚያ ግንቦት 18 ቀን 2018። አሁን ደግሞ ኅዳር 10 ቀን 2019።

«ፎል» የማን ፎል ነው? እነሱ ቅጠል ሲረግፍባቸው እኛ እንጦጦ ላይ አደይ አበባ እናያለን። «ሰመር»ማ የባሰ ነው፤ መዝገበ ቃላቱ በጋ ይላል፣ ጉለሌ ያለ ተማሪ ግን ሰመር ሲባል የሚታየው የክረምት ዕረፍት፣ ዝናብና ጭቃ ነው። አውስትራሊያ ላለው ደግሞ ዲሴምበር ነው። ለዓለም በሙሉ የሚሸጥ ዕቃ በወቅት ስም ይቀጠራል? በእኔ ግምት ቃሉ የተሰፋው በባለአክሲዮኑ ልክ ነው፤ እሱ የሚፈልገው ገቢው ማርች 31 ከሚዘጋው በጀት ዓመት በፊት ይግባ አይግባ ማወቅ ብቻ ነው።

«ጥሩ ጌም ጊዜ ይፈልጋል» ትሉኛላችሁ። ይፈልጋል! ሳይበርፐንክ 2077 በዲሴምበር 2020 ሳይበስል ወጥቶ ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አወረደው። እኔ የምሟገተው በቃሉ ነው እንጂ በመዘግየቱ አይደለም። ሲልክሶንግ ከታወጀ ስድስት ዓመት አልፎት ቁርጥ ቀን የነገረን ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ባሉት ቀን ወጣ። ዝምታው ቢያናድድም ያ ቀን፣ ቀን ነበር።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። አዲሱ ገበያና ሽሮ ሜዳ ጌም ቤት ከፍቶ የሚያድር ልጅ አለ። ይህ ጌም የታወጀው ለፕሌይስቴሽን 5 እንጂ ለ4 አይደለም። «2025» የሚለውን አምኖ ዕቁቡን ቀድሞ ወስዶ ማሽን የገዛ ልጅ ምን ይሁን? ዕቁብ «ፎል» አያውቅም። በየሳምንቱ ክፈል ነው።

የፊልም ፖስተሮቻችን «በቅርብ ቀን» የራሱን ፖስት ይፈልጋል፤ ዛሬ ይለፈኝ። ኮሜንት ላይ «ሊወጣ ነው!» የምትሉኝ ግን ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን፣ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጨምራችሁ ጻፉ። አንዱ ከጎደለ ላይክ የለም።