አሮጌ ክሮኖግራፍ መሰብሰብ ከንቱ ነገር ነውን?

ሰው እንደየዝንባሌው የሚያጠራቅመው ነገር ብዙ ነው። አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፤ ሌላው የጥንት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሌላውም አሮጌ ጋዜጣ እየጠረዘ ያስቀምጣል። በዚህ ዘመን በብዙ አገር በብርቱ ከሚፈለጉት ዕቃዎች አንዱ ከ1940ዎቹ እስከ 1970ዎቹ የተሠራው ክሮኖግራፍ የሚባለው የእጅ ሰዓት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አንዳንድ ሰዎች ይህን ልማድ የባለጸጎች ጨዋታ ነው ብለው ይንቁታል። በበኩላችን ነገሩ እንደ ሰብሳቢው ዕውቀትና ሐቀኝነት የሚለያይ ይመስለናል። ዐውቆ ለሚሰበስብ ሰው አሮጌ ክሮኖግራፍ የታሪክ ምስክር ነው፤ ዋጋውን ብቻ ለሚያሳድድ ግን ከቁማር አይሻልም።

ለመሆኑ ክሮኖግራፍ ምንድን ነው? ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ጊዜን የሚጽፍ» ማለት ነው። እንደ ማንኛውም ሰዓት ጊዜን ያሳያል፤ ከዚህም በላይ በጎኑ ባሉት ቁልፎች የሚታዘዝ ሌላ የሴኮንድ ቆጣሪ አለው። ብዙውን ጊዜ የላይኛውን ቁልፍ ሲጫኑት ቆጣሪው ይነሣል፤ ዳግመኛ ሲጫኑት ይቆማል፤ የታችኛውን ሲጫኑ ደግሞ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ቆጣሪውን በተሸከመው ዘንግ ላይ የልብ ቅርጽ ያለው ትንሽ ብረት ተተክሏል፤ መዶሻ መሳይ ምላስ ሲመታው ይህ ብረት የትም ላይ ቢሆን ተንሸራቶ ወደ መነሻው ይዞራል። ይህን ብልሃት አዶልፍ ኒኮል በ1844 ዓ.ም. በስሙ አስመዝግቦታል።

በሰዓቱ ገጽ ዙሪያ የተጻፉት ቁጥሮችም ለጌጥ የገቡ አይደሉም። አንደኛው ዓይነት የፍጥነት መለኪያ ነው፤ መኪና አንድ ኪሎ ሜትር በ45 ሴኮንድ ቢጨርስ ቆጣሪው የሚቆመው 80 በሚለው ቁጥር ላይ ነው፤ ይኸውም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ለሐኪም የተሠራው ደግሞ የሕመምተኛው የደም ሥር 30 ጊዜ እስኪመታ ቆጥረው ቢያቆሙት፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ያለ ሒሳብ ይናገራል። ሦስተኛው መብረቅ ሲበርቅ አስነሥተው ነጐድጓዱ ሲሰማ ሲያቆሙት ርቀቱን ይሰጣል፤ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 3 ሴኮንድ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ተማሪ በመጽሐፍ የሚያነበው የፊዚክስ ትምህርት እዚህ በእጁ አንጓ ላይ ታስሮ ይገኛል።

ለብዙ ዘመን የክሮኖግራፍ ፈጣሪ እየተባለ ይነገርለት የነበረው ፈረንሳዊው ኒኮላ ሪዮሴክ ነው። በ1821 ዓ.ም. በፓሪስ የፈረስ እሽቅድምድም ላይ የቀረበው መሣሪያው በእውነትም ጊዜን ይጽፍ ነበር፤ በሚሽከረከረው ገጽ ላይ የቀለም ጠብታ ያሳርፍ ነበርና። ነገር ግን ሉዊ ሟኔ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በ1816 ዓ.ም. የፈጸመው፣ የሴኮንድን አንድ ስድሳኛ የሚለካ መሣሪያ በ2013 ዓ.ም. ለዓለም በተገለጠ ጊዜ የታሪኩ መጀመሪያ 5 ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ይህን ታሪክ ያቀናው ሳይጣልና ሳይቀልጥ የቆየ አንድ ዕቃ ነው። የመሰብሰብ ጥቅሙም ከዚህ ይጀምራል።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ለሴኮንድ መለኪያ ባዕድ አይደለንም። አበበ ቢቂላ በ1960 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ሲያሸንፍ የተመዘገበለት ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ነው። በ1964 ዓ.ም. በቶኪዮ ሁለተኛ ሲያሸንፍ ደግሞ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ሆነ። የሮሙን ውድድር ጊዜ የመመዝገብ ኃላፊነት የስዊሱ ኦሜጋ ሲሆን፣ የቶኪዮው የጃፓኑ ሴይኮ ነበር፤ ሴይኮም በዚያው ዓመት የአገሩን የመጀመሪያ የእጅ ክሮኖግራፍ ሠርቶ አወጣ። ፈረንጅ ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት ሲል እኛ 7 ሰዓት እንላለን፤ የአበበ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ግን በማንም አቆጣጠር ያው ነው። ክሮኖግራፍ የሚለካውም እንደዚህ ያለውን፣ አስተርጓሚ የማያሻውን ጊዜ ነው።

የዚህ መሣሪያ ታማኝነት ሕይወት የተመሠረተበትም ጊዜ ነበር። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በ1965 ዓ.ም. ብርቱ ፈተና ካደረገ በኋላ ኦሜጋ ስፒድማስተር የተባለውን በእጅ የሚሞላ ክሮኖግራፍ ለጠፈርተኞቹ መረጠ። በሚያዝያ 1970 ዓ.ም. አፖሎ 13 በጉዞ ላይ ጉዳት ደርሶባት ኤሌክትሪክ መቆጠብ ግድ በሆነበት ሰዓት፣ መንገድ ለማቃናት ሞተሩ ለ14 ሴኮንድ ያህል እንዲነድ ሲደረግ ጊዜው የተለካው በዚሁ የእጅ ሰዓት ነበር።

ይሁን እንጂ ለጥበቡ ትልቁ ፈተና በምድር ላይ ቆይቶታል። በ1969 ዓ.ም. ስዊሱ ዜኒት «ኤል ፕሪሜሮ» የተባለውን፣ እጅ ሲወዛወዝ ራሱን የሚሞላ ክሮኖግራፍ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሆየርና ብራይትሊንግ ከባልንጀሮቻቸው ጋር፣ ሴይኮም ለብቻው ተመሳሳይ ሥራ አወጡ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ሴይኮ በባትሪ የሚሠራውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። በዚህና በሌላም ምክንያት በ1970 ዓ.ም. ወደ 90,000 የሚጠጉ ሠራተኞች የነበሩት የስዊስ የሰዓት ሥራ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ30,000 ጥቂት በሚበልጡ ሰዎች ላይ ቀረ።

በ1975 ዓ.ም. በአሜሪካውያን እጅ የነበረው ዜኒት በሞላና በመዘውር የሚሠራ ሰዓት መሥራት እንዲቆም፣ መሣሪያውም እንዲወገድ ትእዛዝ ተሰጠ። ሻርል ቬርሞ የተባለው የፋብሪካው ሠራተኛ መሣሪያው እንዳይጠፋ ቢያመለክት የሚሰማው አጣ። ስለዚህ መቁረጫውንና ማተሚያውን፣ ንድፉንም ሁሉ ጥቂት በጥቂት ወደ ጣሪያው ሥር ክፍል አወጣና እያንዳንዱን በዝርዝር ጽፎ ደበቀው። በ1980ዎቹ ዘመን ተለውጦ ሰዓቱ እንደገና ሲፈለግ፣ ፋብሪካው ሥራውን ሊቀጥል የቻለው ይህ ሰው ባቆየው መሣሪያ ነው። ወጣት ሹማምንት ይህን ታሪክ እንዲያስቡበት እንወዳለን። ትእዛዝ ይጣስ ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ መዝገብም ሆነ መሣሪያ ከመጣሉ በፊት የዕለት ሠራተኛው የሚናገረውን መስማት ብልህነት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የፊልም ተዋናዩ የፖል ኒውማን ሮሌክስ ዴይቶና በኒው ዮርክ ሐራጅ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ገንዘብ እንደዚህ ከፍ ካለበት ዘንድ ተንኰል አይታጣም። በ2021 ዓ.ም. በጄኔቫ አንድ የ1957 ዓ.ም. ስፒድማስተር ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ አወጣ፤ ገዢውም ለሙዚየሙ ብሎ ራሱ ኦሜጋ ነበር። በ2023 ዓ.ም. ድርጅቱ ሰዓቱ ከልዩ ልዩ ዕቃ ተለቃቅሞ የተገጣጠመ መሆኑን፣ በነገሩም የራሱ የቀድሞ ሠራተኞች እጅ እንዳለበት አስታወቀ። ሠሪው ራሱ በራሱ ሥራ ከተታለለ፣ ሳያጠና የሚገዛ ጀማሪ ምን ሊሆን ነው?

ስለዚህ ለወጣቶች የምንመክረው አጭር ነው። መጀመሪያ አንብቡ፤ ከዚያ ግዙ። ለመነሻ በታወቀው ስም ፈንታ በብዛት የተሠራውንና መለዋወጫ የሚገኝለትን ምረጡ፤ በብድርም ሆነ ለቤት ኪራይ በታሰበ ደመወዝ አትግዙ። ገጹን አዲስ ቀለም አታስቀቡ፤ የሰዓቱን ገላም አታስሞርዱ፤ የእድሜው ጠባሳ የእውነተኛነቱ ማስረጃ ነው። ሰዓት ሠሪ ዕቃ ከለወጠ አሮጌውን ተቀብላችሁ ከቀኑ ጋር ጽፋችሁ አስቀምጡ። ስትሸጡም የተለወጠውን ሳትደብቁ ተናገሩ። ቆጣሪው ሲሄድ የመመለሻውን ቁልፍ አትጫኑ፤ በውኃ ውስጥም ቁልፍ አትንኩ። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በጨለማ እንዲያበራ ይቀባ የነበረው ቀለም ብዙ ጊዜ ሬዲየም ስላለበት ገጹን ከፍቶ መፋቅ ለጤና አደገኛ ነው።

«በኪሴ ያለው ስልክ የሴኮንድን መቶኛ እየቆጠረልኝ አሮጌ ሰዓት ለምኔ?» የሚል አይጠፋም። ለመለካት ብቻ ከሆነ እውነቱን ነው። ነገር ግን የስልኩ አሠራር ለዓይን አይታይም፤ የክሮኖግራፉን መዘውር ግን ማንም ሰው ክዳኑ ተከፍቶ ሲያየው፣ አንድ ቁልፍ ሲጫን የትኛው ብረት የትኛውን እንደሚገፋ ሊከተለው ይችላል። የሰው አእምሮ አንድን ችግር እንዴት እንደፈታ በዓይን ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የሴኮንድን አንድ አምስተኛ የሚለካ ሰዓት በእጁ አስሮ ባለጉዳይን ግማሽ ቀን ደጅ የሚያስጠና ሹም፣ የሰዓቱን ዋጋ እንጂ የጊዜን ዋጋ አላወቀም። ክሮኖግራፍ ያለው ወጣት እስቲ አንድ ቀን ባለጉዳይ ከቢሮው ደጅ ሲደርስ ቆጣሪውን ያስነሣው፤ ጉዳዩ ሲያልቅም ያቁመውና የወጣውን ቁጥር በወረቀት ይጻፈው።