የጠበቀ ቀለበትና «ምን ያህል?» የሚለው ጥያቄ

ብረታ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ይህን ሕግ በኳስና በቀለበት ሙከራ ያልተማረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ማግኘት አዳጋች ነው። ታዲያ ይኸው ተማሪ በእናቱ ያበጠ ጣት ላይ የብር ቀለበት ጠብቆ ቢያገኝ፣ ቀለበቱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ይንከረው ይሆን? እኛ ከመልሱ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም እንላለን፤ የሚሰፋው ምን ያህል ነው?

እስኪ እናስላው። የውስጥ ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ የብር ቀለበት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ፣ ስፋቱ የሚጨምረው 0.007 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ከአንዲት የጸጉር ዘለላ ውፍረት እጅግ ያንሳል። ሙቀቱ ግን የጣቱን የደም ሥሮች አስፍቶ እብጠቱን ያባብሳል። ቀዝቃዛ ውኃ በአንጻሩ ቀለበቱን በዚያችው ኢምንት መጠን ቢያጠበውም፣ እብጠቱን ስለሚቀንስ የሚበጀው እርሱ ነው። ሕጉ እውነት ሆኖ ሳለ መጠኑን ያልመዘነ ሰው ጉዳት ያደርሳል ማለት ነው።

ጉዳዩ ችኮላ የሚሻበት ምክንያት አለ። በደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት በደም ቅዳ ውስጥ ካለው ያነሰ ስለሆነ ቀድሞ የሚጨፈለቀው ደም መልሱ ነው። ደም ይገባል፤ መውጫ ግን ያጣል። እብጠቱ ቀለበቱን ያጠብቃል፤ የጠበቀው ቀለበትም እብጠቱን ይጨምራል። ከደባርቅ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ በሚገኘው ድብ ባሕር ለሚኖር ሰው፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥቶ ሆስፒታል እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ ጣት ሊያሳጣ ይችላል።

ስለዚህ አስቀድሞ እጅን ከልብ በላይ ከፍ አድርጎ መያዝ፣ ማቀዝቀዝና በሳሙና ማለስለስ ይገባል። ይህ ካልበቃ ክር አለ። የክሩን አንድ ጫፍ በቀለበቱ ሥር ወደ መዳፍ በኩል ያሳልፏል፤ የቀረውን ከቀለበቱ ጠርዝ ጀምሮ የጣቱን አንጓ እስኪያልፍ ጥቅጥቅ አድርገው ይጠመጥሙታል። ከዚያም በመዳፍ በኩል የቀረውን ጫፍ ወደ ጣቱ ጫፍ አቅጣጫ እየሳቡ ሲፈቱት፣ ቀለበቱ ክሩ ባሳነሰው ጣት ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል። ጣቱ ከቆሰለ፣ የተሰበረ ከመሰለ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ግን ይህ አይሞከርም፤ በቀጥታ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

በድንገተኛ ክፍል ቀለበቱ ሲቆረጥም ጥያቄው አይቀርም። ካውንት ረምፎርድ በ1798 እ.ኤ.አ. ከመድፍ ሥርሰራ ታዝቦ እንዳስረዳው፣ ሰበቃ ሙቀት ይወልዳል። ብር ሙቀትን ከማይዝግ ብረት ከ20 ጊዜ በላይ አብልጦ ስለሚያስተላልፍ፣ ትኩሳቱ ባንድ አፍታ ቀለበቱን ያዳርሳል። በመጋዙና በቆዳው መካከል መከለያ የሚገባው፣ ቆም እያሉም በውኃ ማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሕፃን ጣቱን ዳዶ ውስጥ ሲሰካ ጋራዥ ወስዶ በግራይንደር ማስቆረጥ የሚያሰጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተንግስተን ካርባይድ ደግሞ ለተራ መጋዝ አይበገርም፤ ተሰባሪ ስለሆነ ግን የሐኪሙ የሚቆለፍ ፒንሳ ከውጭ ቀስ በቀስ ሲጨምቀው ይሰነጠቃል።

መምህራን የኳሱንና የቀለበቱን ሙከራ ካሳዩ በኋላ ይህንኑ ስሌት ለተማሪዎቻቸው ቢሰጡ፣ የሳይንስ ክበባትም የክሩን ዘዴ ከጤና ባለሙያ ጋር ቢያለማምዱ መልካም ነው። ወጪው ጥቂት ክርና የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው።