ከመንገድ ዳር ለወደቀው ወታደር ምን እንበልለት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶችና ምእመናን ሆይ፤ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ በተጓዝንበት ጊዜ አውቶቡሳችን ጎማ ለመቀየር በቆመበት ስፍራ፣ ከአስፋልቱ ዳር አንዲት አነስተኛ መታሰቢያ አየን። በሲሚንቶ የተሠራች ናት። በላይዋ መስቀል፣ በመካከልዋ የወታደር ልብስ የለበሰ ወጣት ፎቶግራፍ፣ ከሥሩም ስሙ፣ ማዕርጉ፣ የተወለደበትና የወደቀበት ዘመን ተጽፎባታል። የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው፤ የሞተውም በ2014 ዓ.ም. ነው። ከመካከላችን አንዱ «ሰማዕት ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «የእኛዎቹንስ ማን አሰበልን?» ብሎ ፊቱን አዞረ። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ በአውቶቡሱ ውስጥ መዝሙር አልተሰማም።

ይህን የምጽፍላችሁ ሁለቱን ወንድሞቼን ለመውቀስ አይደለም። በዚያች ቀን ከእኔ ጀምሮ ማናችንም ያላደረግነው አንድ ነገር ስለ ነበረ ነው፤ ለሟቹ አልጸለይንም።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በቆየው ጦርነት በሁለቱም ወገን ከወደቁት ብዙዎቹ በአርባ ቀናቸው ከአንዲት ጥምቀት የተወለዱ ልጆች ነበሩ። እንግዲህ የአንዲት እናት ልጆች እርስ በርሳቸው ሲገዳደሉ፣ ከሞቱ በኋላ ስለ እነርሱ ምን ማለት ይገባናል?

አስቀድመን ስለ ቃሉ እንነጋገር። ሰማዕት ማለት ምስክር ማለት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ መርቆሬዎስ ወታደሮች ነበሩ፤ ሰማዕታት የተባሉት ግን ስለ ገደሉ ሳይሆን፣ ክርስቶስን አንክድም ብለው አንገታቸውን ለሰይፍ ስለ ሰጡ ነው። በሀገራችን ቃሉ ወደ አደባባይ ወጥቶ፣ በመቀሌም በባሕር ዳርም የሰማዕታት ሐውልት ቆሟል። ሕዝብ ልጆቹን በራሱ ቋንቋ ማክበሩን አንነቅፍም። እኛ ግን ቃሉን ከቤተ ክርስቲያን ተውሰን የእርስ በርስ ጦርነት ማኅተም ስናደርገው፣ ያኛውን ሟች ሳንናገር ኰንነነዋል ማለት ነው።

አበው በዚህ ነገር ጥንቁቆች ነበሩ። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ለአምፊሎክዮስ በላከው ቀኖናዊ መልእክት፣ ከእርሱ በፊት የነበሩ አባቶች በጦርነት የገደለውን እንደ ነፍሰ ገዳይ እንዳልቈጠሩት ይናገራል። ነገር ግን እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ለ3 ዓመታት ከቅዱስ ቍርባን ቢከለከሉ መልካም ሊሆን እንደሚችል ይመክራል። ልብ በሉ፤ ወታደሩን ወንጀለኛ አላደረገውም፤ ቅዱስም አላደረገውም። ቁስለኛ አድርጎ አየው፤ ቁስለኛም ሐኪም ያስፈልገዋል።

መጽሐፍ ቅዱስም በመንገድ ዳር ስለ ወደቀ ወታደር ይነግረናል። የዳዊት ቤትና የሳኦል ቤት በተዋጉ ጊዜ፣ እግረ ፈጣኑ አሣሄል አበኔርን አሳደደው። አበኔር ከእኔ ፈቀቅ በል ብሎ ሁለት ጊዜ ለመነው፤ እምቢ ባለው ጊዜ ግን በጦሩ ገደለው። አሣሄል ወደ ወደቀበት ስፍራ የመጣ ሁሉ ይቆም ነበር (2ኛ ሳሙ. 2፥23)። ሐውልት አልነበረም፤ መቆሙ ራሱ መታሰቢያ ነበር።

ሰው በዚያ ስፍራ ከቆመ በኋላ ግን ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የኢዮአብ መንገድ ነው። ኢዮአብ የወንድሙን ሞት በልቡ ይዞ ቆየና፣ አበኔር ለዕርቅ በመጣ ጊዜ በኬብሮን በር በተንኰል ገደለው። ሁለተኛው የዳዊት መንገድ ነው። ንጉሡ ትናንት ጠላቱ ከነበረው ሰው ቃሬዛ ኋላ ሄደ፤ በመቃብሩ ላይ አለቀሰ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅም እህል አልቀመሰም። ሕዝቡም የንጉሡ ልብ ከደም ንጹሕ እንደ ሆነ ያወቀው በዚያ ልቅሶ ነው።

«በደል የፈጸመ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ቤቱ የተዘረፈበት፣ እኅቱ የተዋረደችበት፣ የወንድሙን አስከሬን እንኳ ያላገኘ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ለሞተ ሰው መጸለይ በደልን መካድ አይደለም። እውነቱ ይውጣ፤ በሕይወት ያለው በደለኛም በፍርድ ይጠየቅ። የሞተው ግን ወደ እውነተኛው ዳኛ ሄዷል፤ በዚያ ችሎት ከእኛ የሚፈለገው ምልጃ እንጂ ክስ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። በድንጋዩ ላይ ማዕርግና የአባት ስም ተጽፏል፤ ከስሙም ወገኑን እንገምታለን። ካህኑ በጸሎት ሲያስበው ግን በክርስትና ስሙ ነው። ገብረ ማርያም፣ ወልደ ሚካኤል ሲባል ማዕርግ የለም፤ ብሔርም የለም፤ የጦር ግንባርም የለም። ገብረ ማርያም ከየትኛው ምሽግ እንደ ወደቀ ከስሙ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ በመንገዳችሁ እንዲህ ያለ መታሰቢያ ስታገኙ ቁሙ። አማትቡ፤ «ነፍሱን ይማር» በሉ። ልጁ የሞተባት እናት በአጥቢያችሁ ካለች ለተዝካሩ ውኃ ቅዱላት፤ እንጨት ፍለጡላት፤ የክርስትና ስሙንም ጠይቃችሁ በጸሎታችሁ አስቡት። ከዚያም በወዲያኛው ወገን ስሙን የማታውቁትን አንዱን ጨምሩ። ይህ ሁለተኛው ጸሎት ከአፍ እንቢ ይላል፤ አውቃለሁ። እኔንም እንቢ ብሎኝ ያውቃል።

በሚቀጥለው ጉዟችን በዚያው መንገድ እናልፋለን። ሾፌሩ ለጥቂት ደቂቃ እንዲያቆምልን እንለምነዋለን፤ የዚያን ቀን የተጣሉት ሁለቱ ወንድሞችም አብረው እንዲወርዱ እመኛለሁ።

የሞቱትን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ በሕይወት ያለነውን ያስታርቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።