ከአጥሩ በፊት ክትባቱ ይቅደም

በደምበልና በካዛንቺስ አካባቢ ማለዳ በእግሩ የሚንሸራሸር ሰው በአዳዲሶቹ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ ውሻቸውን በማሰሪያ ይዘው የሚወጡ ነዋሪዎችን ያያል። ከእነዚህ ነዋሪዎች አንዳንዶቹ «ውሾቻችንን ፈትተን የምናሯሩጥበት የታጠረ ቦታ በሰፈራችን ቢኖረን ምን ይመስልዎታል?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ሐሳቡን የሰሙ ሌሎች ደግሞ «ሰው መተንፈሻ ባጣበት ከተማ ለውሻ ሜዳ! ይህ ቅንጦት ነው» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ሊደመጡ ይገባል። እኔ ግን ጉዳዩን የማየው ከጤና አንጻር ነው፤ ከዚያ አንጻር ሲታይ ደግሞ ጥያቄው ቅንጦት አይደለም።

በመጀመሪያ አንድ እውነት እንቀበል። ውሻ ያለ ማሰሪያ የሚለቀቅበት ቦታ የለንም ማለት አንችልም። ሌሊት ሌሊት መንገዱ ሁሉ የውሻ ሜዳ ነው። ብዙ ቤተሰብ ውሻ የሚያሳድገው ለጥበቃ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፤ ሲመሽ ይፈታል፤ በሩ ክፍት ከሆነ ወይም አጥሩ ክፍተት ካለው ወጥቶ ከባለቤት አልባ ውሾች ጋር ሲጣላና ሲነካከስ ያድራል። ሲነጋ ተመልሶ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ይታሰራል። ሌሊት መንገድ ላይ የያዘውን በሽታ ይዞ መግባቱን ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ልንወያይበት የሚገባው ውሻ ይፈታ ወይስ አይፈታ በሚለው ላይ አይደለም። የት፣ መቼና ምን ዓይነት ውሻ ይፈታ በሚለው ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው ለከተማችን እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ የውሾች ወረርሽኝ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1903 ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገምታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ አማካይነት ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት መካከል 40 በመቶዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ከጥቂት አጋጣሚዎች በቀር ይገድላል። ከዚያ በፊት ግን ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል።

ውሻ ነክሷቸው የሚመጡ ሰዎችን የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁልጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ውሻው የማን ነው? ተከትቧል? አሁን የት አለ? መልሱም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ «የሰፈር ውሻ ነው»፣ «እንጃ»፣ «ሮጦ አመለጠ»። ትልቁ ችግራችን እዚህ ላይ ነው። ሰፈሩ ውሾቹን አያውቃቸውም። ውሻው ቢታወቅ ኖሮ ለ10 ቀናት ታስሮ ይታይ ነበር፤ በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየም ለተነካሹ የተጀመረው ክትባት በሐኪም ውሳኔ ሊቋረጥ ይችል ነበር። የማይታወቅ ውሻ ግን ለቤተሰቡ ጭንቀት፣ ለሆስፒታሉም ወጪ ነው።

የታጠረ የውሻ ሜዳ ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሜዳው በር ይኖረዋል፤ በሩም የክትባት ካርድ መጠየቂያ ይሆናል። ውሻውን ማሯሯጥ የሚፈልግ ሰው ውሻውን ያስመዘግባል፣ ያስከትባል፣ ካርዱን ይዞ ይመጣል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ከተማ ከመጀመሪያዎቹ የዚህ ዓይነት ሜዳዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1979 ተከፍቷል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የተለመደው ሥርዓት ያልተከተበ ውሻ እንዲገባ አይፈቅድም። ይህ ሥርዓት ከሌለው ግን የተለያየ ቤት ውሾችን በአንድ አጥር ውስጥ ማገናኘት በሽታን ማሠራጫ መክፈት ነው።

ስለዚህ ነዋሪው ከእንጨትና ከሽቦ አስቀድሞ በሚከተሉት ነገሮች ላይ ይስማማ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ውሻ ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይውሰድ፤ የእንስሳት ሐኪም በሚያዘው ጊዜም ይደገምለት። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ፣ የታመመ ውሻና ለመጠቃት የደረሰች ሴት ውሻ ወደ ሜዳው አይግቡ።

ሁለተኛ፣ የውሻው ዓይነምድር በዕለቱ ይነሳ። ይህ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በውሻ አንጀት የሚኖር አንድ የትል ዓይነት እንቁላሉ ከዓይነምድር ጋር ይወጣል፤ ልጆች አፈር በነካ እጃቸው ሲበሉም ወደ ሆዳቸው ይገባል። ከዚያም ጉበትን፣ ሳንባን፣ አልፎ አልፎም ዓይንን ይጎዳል። ደግነቱ እንቁላሉ በሽታ ለማስያዝ አፈር ውስጥ ሳምንታት መቆየት አለበት። በዕለቱ ያነሳ ሰው በሽታውን ከምንጩ አቋረጠው ማለት ነው። ለውሾቹም የትል መድኃኒት በየጊዜው ይሰጥ።

ሦስተኛ፣ በሩ ድርብ ይሁን፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት። ትልልቅና ትንንሽ ውሾች ይለያዩ። ምግብና አጥንት ወደ ውስጥ አይግባ፤ ጠብ የሚነሳው በዚያ ነው። ልጅ ያለ አዋቂ አይግባ። ውኃ የሚያቁር መሬትም አይመረጥ፤ በክረምት የሚያቁር ውኃ ከውሻ ሽንት ጋር ሲቀላቀል ሌላ በሽታ ያመጣል።

«ለልጆች ሳይሆን ለውሻ» የሚሉ ወገኖች ሥጋት እውነት አለበት። የልጆችን የኳስ ሜዳ ቀንሶ ለውሻ መስጠት አይገባም፤ እኔም አልደግፈውም። ለግንባታ የማይበቃ ጠባብ ቦታ ግን ይበቃል። በእምነታቸው ምክንያት ከውሻ መራቅ የሚፈልጉ ጎረቤቶችም አሉ። የታጠረ ቦታ እነርሱንም ይጠቅማል፤ ውሻው በእግረኛ መንገድ ላይ ተፈቶ ከሚሮጥ በአጥር ውስጥ ቢሮጥ ለሁሉም ይሻላል።

ሆኖም ሜዳው ብቻውን ችግሩን አይፈታም። ካርድ ይዞ የሚመጣው ባለቤት ድሮም የሚጠነቀቀው ሰው ነው። ልጆቻችንን የሚያሰጋው ግን በአብዛኛው ወደዚያ በር የማይደርሰው ውሻ ነው። የበሽታው ሥርጭት እንዲቆም በአካባቢው ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶዎቹ መከተብ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ውሾችን በጅምላ መግደል በሽታውን እንደማያጠፋም ተረጋግጧል፤ የተገደሉትን ያልተከተቡ ሌሎች ይተኳቸዋልና። ስለዚህ ሜዳ የሚጠይቅ ማኅበር በቅድሚያ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ጋር ተነጋግሮ የሰፈሩን የጥበቃ ውሾችና ባለቤት አልባዎቹን ጭምር የሚያስከትብ ዘመቻ ያዘጋጅ። እድሮችም ቢያግዙ ወጪው ይቀላል። ሜዳው የዚህ ሥራ ውጤት ቢሆን ያን ጊዜ ጎረቤቱም አይቃወመውም።

እስከዚያው ድረስ ውሻ የነከሰው ወይም ቁስሉን የላሰው ሰው ቢኖር ቦታውን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ቅጠል፣ ቡና ወይም ሌላ ነገር ቁስሉ ላይ አይነስንስ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ «ጭረት ብቻ ነው» ብሎ አይተወው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ተደብቆ ስለሚቆይ ቁስሉ ሲድን የዳነ የሚመስለው ብዙ ነው። የቀድሞውን 14 የሆድ መርፌ በመፍራት ከሕክምና የሚሸሹም አሉ፤ ዘመናዊው ክትባት በክንድ ላይ የሚሰጥና በቁጥርም ያነሰ ነው። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ቢኖር ክትባቱን አስቀድሞ ይጀምር፤ ሳያቋርጥም ይጨርስ።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን በአብዛኞቹ ዓመታት መስከረም 18 ቀን ይውላል፤ የመስቀል ማግስት ማለት ነው። ዓለም በውሻ ምክንያት በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው እ.ኤ.አ. እስከ 2030 እንዳይኖር ግብ አስቀምጧል። የደምበልና የካዛንቺስ ነዋሪዎች ያን ቀን የሰፈራቸውን ውሾች ለማስከተብ ቢጠቀሙበት ለሜዳው ከሚቀርብ ማመልከቻ ሁሉ የበለጠ ማስረጃ ይሆናቸዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሏልና።