ስለ ሰገራ ማውራት ነውር አይደለም፤ ነውሩ በግምት መድኃኒት መዋጥ ነው

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሰገራ ነው። ምሳ ላይ ያላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ። አንብቡት ግን።

እዚህ ፔዳ አካባቢ ያለ ወጣት ስለ ኳስና ስለ ፖለቲካ ሲከራከር ያመሻል። "ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ ሆዴ እንደ ድሮው አይደለም" የምትለዋን ግን ለእናቱ እንኳ አይነግርም። የሚነግረው ለስልኩ ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ጎግል ያደርጋል፣ ስልኩ ካንሰር ይለዋል፣ እንቅልፉን አጥቶ ያድራል። ሲነጋ ፋርማሲ ሄዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሜትሮ አለ?" ይላል። ምርመራው አለቀ!

ፍርሃቱን አልቃወምም። ሰውነቱ ሲለወጥ የማይፈራ ማን አለ? የምቃወመው አፋችንን የዘጋውን ሀፍረትና በሀፍረቱ ላይ የሚነገደውን ግምት ነው።

"ባህላችን ነው መምህር" የሚል አይጠፋም። የቱ ባህል? አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር፣ ያውም በይፋ። እንግዳ ሲመጣ "ጌታው ኮሶ ይዘዋል" ተብሎ ይመለሳል፣ ማንም አያፍርም። ወደ ኮሶ እንመለስ አላልኩም፣ ሲበዛ ይመርዛል። ሀፍረቱ የእኛው ፈጠራ ነው እያልኩ ነው።

እስቲ ክፍል እንግባ። ሰው በቀን ሦስት ጊዜም ሆነ በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢወጣ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ዋናው የራስህን ልማድ ማወቅ ነው። 55 ቀን ጾመህ በፋሲካ ማግስት ክትፎና ቅቤ ስታወርድበት ሆድህ ቢቃወም አይገርምም። ቀይ ሥር በልተህ ቀይ ብታይ፣ የደም ማነስ ኪኒን እየወሰድሽ ጥቁር ብታዪ አትደንግጡ። ጭንቀትም አንጀት ውስጥ ይገባል፤ አንጎልና አንጀት በነርቭ የተሳሰሩ ናቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህ፣ ልክ ፈተናው ሲደርስ ሆዳቸው የሚታመም ተማሪዎች አውቃለሁ። "አታካብድ፣ ሃሳብ ነው" ብሎ መሳቅ ደግሞ መልስ አይሆንም። ሃሳብ ቢያመጣውም ቁርጠቱ እውነተኛ ቁርጠት ነው።

አሁን ወደ ሜትሮ። ሜትሮኒዳዞል ለጃርዲያ፣ ለአሜባና ለአንዳንድ ባክቴሪያዎች ይሠራል። ለቫይረስ አይሠራም፣ ለጭንቀት አይሠራም። ታዲያ "ለእኔ ሠርቶልኛል" የሚለው ሁሉ ዋሸ? አልዋሸም። አብዛኛው ድንገተኛ ተቅማጥ በጥቂት ቀን ራሱ ይቆማል፤ ምስጋናውን ግን ሜትሮ ይወስዳል። ሁለት ቀን ውጦ የተሻለው ሰው የተረፈውን ለጎረቤት ይሰጣል። ጀርሞቹ መድኃኒቱን የሚለምዱት እንዲህ ነው።

እኛ ደግሞ ጣና ዳር ነው የምንኖረው። ልጆቻችን ይዋኛሉ፣ ዳር ላይ ልብስ ይታጠባል፣ ዓሣ ይጠመዳል። የቢልሃርዝያ ትል ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ውሃው ውስጥ በቆዳ በኩል ይገባል። ሰገራው ደም የቀላቀለበት የጣና ዳር ልጅ ሜትሮ በካርቶን ቢውጥ ቢልሃርዝያው አይነካም፤ የእሱ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። አልገመተም። ወስዶ መረመረ፣ ዓለምም አወቀው። እኛ የራሳችንን ሰገራ በትንሽ ዕቃ ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ ያቅተናል!

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የመብራት ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው ነው፦ "ኪንታሮትን ያለ ቀዶ ጥገና ከነሥሩ እንነቅላለን"። ደም ሁሉ ኪንታሮት ነው ያለው ማነው? እርግጥ ብዙ ጊዜ ኪንታሮት ነው። ግን የትልቁ አንጀት ካንሰር በአገራችን በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ ነው፣ እሱም ሊያደማ ይችላል። ቶሎ ከተገኘ ሊድን ይችላል። ሰውዬው "ኪንታሮቴ ነው" እያለ ቅባት ሲቀባና ሥር ሲጠጣ ዓመት ካለፈው በኋላ ግን ሐኪሙም እጁ ያጥራል። ምሰሶው ላይ የለጠፈው ሰው ያን ቀን ስልኩን አያነሳም።

ስለዚህ ጎበዝ፣ ይቺን ያዙ። ደም ካየህ፣ ሳትፈልግ ከከሳህ፣ የደም ማነስ ካለብህ፣ ተቅማጡ ከእንቅልፍህ ከቀሰቀሰህ፣ ለውጡ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ወይም በቤተሰብህ የአንጀት ካንሰር ከነበረ ሐኪም ፊት ቅረብ። ሰገራው እንደ ቅጥራን ጥቁር ከሆነና ኪኒን ካልወሰድክ ዛሬውኑ ሂድ። ስትሄድ መቼ እንደ ጀመረህ፣ በቀን ስንቴ እንደሆነና ምን እንደዋጥክ ጽፈህ ሂድ። አንድ የሰገራ ምርመራ "ምንም የለም" ቢልና ሕመሙ ባይለቅህ ተመለስ፤ ጃርዲያ በየቀኑ አይታይም። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ከሌለብህ ደግሞ ስልኩን አስቀምጥና ተኛ።

ፋርማሲ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። "ሜትሮ አለ?" ሲላችሁ "ደም አለው? ስንት ቀን ሆነው?" በሉት። ሁለት ጥያቄ ናት፣ ገበያ አታሳጣችሁም። ወላጆች ደግሞ ልጅ "ሆዴን" ሲል "ምን በላህ?" ብላችሁ አትቆጡት። "ምን አየህ?" በሉት።

ሀኪም አይደለሁም፣ ዲፕሎማዬ የመምህርነት ነው። ለመጠየቅ ግን ዲግሪ አያስፈልግም።