ሕጉ ተሳስቶ ይሆን?

ውድ አንባቢ፣ ልጅዎ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «አንስታይን ተሳስቷል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይመልሱለታል? «ሂድና የቤት ሥራህን ሥራ» ከማለትዎ በፊት እስቲ ጥቂት እንጨዋወት።

ነገሩ የመጣው ከብላክ ሆል ነው። ብላክ ሆል ስበቱ እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የጠፈር አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች ከፀሐያችን 1.6 ቢሊዮን ጊዜ የሚከብድ ብላክ ሆል ማግኘታቸውን አስታወቁ። ይበልጥ ያስገረመው ግን ጊዜው ነው። ወደ እኛ የደረሰው ብርሃን ጉዞ የጀመረው ዩኒቨርስ 670 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው ነበር። ሳይንቲስቶች ዛሬ የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው ይላሉ። ዩኒቨርስን የ70 ዓመት አዛውንት አድርገን ብናስበው፣ ይህ ግዙፍ ነገር የነበረው ገና በሦስት ዓመት ተኩል ሕፃንነቱ ነው ማለት ነው!

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ብላክ ሆል ጋዝ እየዋጠ ያድጋል፤ ሆኖም እንዳሻው አይጎርስም። ወደ እርሱ የሚወድቀው ጋዝ ይግላል፣ ያበራል፤ ብርሃኑም ተከታዩን ጋዝ ወደ ኋላ ይገፋል። በዚህ ገደብ ከተጓዘ፣ የ100 ፀሐይ ክብደት ይዞ የጀመረ ብላክ ሆል እዚያ ለመድረስ 800 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ጊዜው አይበቃም!

ታዲያ ምን ይባል? አንዳንዶች «ከአንድ ኮከብ ሳይሆን ከግዙፍ የጋዝ ደመና በቀጥታ ስለ ተፈጠረ ሲጀምርም ትልቅ ነበር» ይላሉ። ሌሎች «ከገደቡ አልፎ በልቷል» ይላሉ። ጥቂቶች ግን «የስበት ሕጉ ራሱ ይሻሻል» ባዮች ናቸው።

እንዲህ ያለ ክርክር አዲስ አይደለም። ዩራነስ የተባለችው ፕላኔት በኒውተን ሕግ ከተሰላላት መንገድ ፈቀቅ ስትል፣ ፈረንሳዊው ለ ቬሪዬ «ያላየናት ፕላኔት እየሳበቻት ነው» አለ። እ.ኤ.አ. በ1846 ኔፕቱን እርሱ ባመለከተው አካባቢ ተገኘች። ሕጉ ልክ ነበር። ሜርኩሪም ከመንገዷ ስትዛነፍ ያንኑ መልስ ሰጠ፤ ቩልካን የተባለችው ፕላኔት ግን ብትፈለግ ብትፈለግ ጠፋች። ምሥጢሩን የፈታው እ.ኤ.አ. በ1915 የአንስታይን አዲስ የስበት ሕግ ነው። በዚህኛው ጊዜ መሻሻል የነበረበት ሕጉ ነበር።

ልብ ይበሉ! ሰውየው አንድ፣ ዘዴው አንድ፤ አንዴ ልክ፣ አንዴ ስሕተት።

አዲስ ሐሳብም ቢሆን ከፈተና አያመልጥም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2017 ከሁለት ከዋክብት ግጭት የተነሣ የስበት ሞገድና የጋማ ጨረር ምድር ደረሱ። 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዘው የተለያዩት በ1.7 ሴኮንድ ብቻ ነበር። ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት ይጓዛሉ ያሉ ብዙ የተሻሻሉ የስበት ንድፈ ሐሳቦች በዚያ ቀን ወደቁ።

እንግዲህ ለልጅዎ «አንስታይን ተሳስቷል» ብለው አይቸኩሉ፤ «ከቶ አይሳሳትም» ብለውም አይማሉ። ብላክ ሆሉ ያስነሣው ጥያቄ ገና አልተዘጋም። «እኔም አላውቅም፤ አብረን እንከታተል» ቢሉት ከፊቱ አያንሱም። እንዲያውም ነገ ሌላ ጥያቄ ይዞ ወደ እርስዎ ይመጣል።

ቸር ይግጠመን።